ተራራው እኔን ሲወጣ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። በሕልሜ እኔና ባለቤቴ ስንዱ አንዲት ዘንባባ የሞላባት ደሴት ላይ ከጀልባ ስንወርድ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሸርጣን መንገድ ዘጋብን።

«ወደ ፊት መራመድ ክልክል ነው» አለ ኮስተር ብሎ። «እዚህ አገር የሚኬደው በጎን ነው።»

እኔ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ስንዱ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በጎኗ ሽው አለች። ሸርጣኑ አጨበጨበላት። እኔን ሦስት ጊዜ አስደግሞ በስንት ልመና አሳለፈኝ።

ባሕሩ ዳርቻ ኮኮናቶቹ አሸዋው ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰዎቹ ደግሞ ዘንባባው አናት ላይ ዘለላ ዘለላ ሆነው ተንጠልጥለዋል። ንፋስ በመጣ ቁጥር አንድ ሁለቱ ዱብ ይላሉ። አንድ በደንብ የበሰለ ሰውዬ አጠገቤ ወደቀ፤ አሸዋውን አራግፎ «ጤና ይስጥልኝ» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

ባሕሩ ራሱ እረፍት ወጥቶ ጃንጥላ ሥር በሆዱ ተኝቷል።

«እህቴ» አላት ስንዱን፣ «ጀርባዬ ተቃጠለ። እባክሽ ትንሽ ቅባት ቀቢኝ።»

ስንዱ ሰው እምቢ ማለት አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ ጀርባው ላይ ወጣችና ማሸት ጀመረች።

«ጌጤነህ፣ ይሄ ጀርባ የት ጋ ነው የሚያልቀው?» ብላ እየሳቀች ጮኸችልኝ።

እኔም እስክትጨርስ ተራራ ልውጣ ብዬ ስነሳ፣ ተራራው ራሱ ቦርሳ አዝሎ፣ ከዘራ ይዞ መጣ።

«ከፍታዎ ስንት ነው?» አለኝ።

«አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት።»

«ከባድ ነው» አለ ሽቅብ እያየኝ። «ግን ልሞክር።»

ይጨፈልቀኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥጥ ሆኖ አገኘሁት! በጉልበቴ ወጣ፣ ቀበቶዬ ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠጣ፣ ቦርጬ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። በመጨረሻ አናቴ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

«ሰው ሁሉ እኔ ላይ ወጥቶ ሲያየው የኖረው ይሄ ነው? ለካ እንዲህ ያምራል!»

ደስታው ተጋባብኝ፤ ከት ብዬ ሳቅኩ።

ያን ጊዜ ባሕሩ ብድግ አለ። «እረፍቴ አለቀ!» ብሎ ጃንጥላውን አጠፈና ስንዱን እንደያዘ መንገድ ጀመረ።

«ስንዱ፣ ዝለይ!»

«ገና ግማሹን አልቀባሁትም!»

በጎኔ ሮጥኩ። ተራራው ጆሮዬን ጨምድዶ ይዞ «ቀስ በል! ከፍታ እፈራለሁ!» እያለ ይጮሃል። ስንዱ እየራቀች እየራቀች ሰሊጥ አከለች። ያኔ እሷም ፈራች መሰለኝ፣ ስሜን ትጣራ ጀመር።

«ጌጤነህ! ኧረ ጌጤነህ!»

ነቃሁ። ቃሬዛ ላይ ተጋድሜያለሁ። ስንዱ ከጎኔ በመሃረብ ታራግብልኛለች። ቃሬዛውን የተሸከሙት አብረውን የደሴቱን ተራራ ሊወጡ የመጡት ሁለት ጡረተኛ መምህራን፣ ወይዘሮ ብርነሽና ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው።

«ምን ሆንኩ?»

«ሙቀቱ ጣለህ» አለች ስንዱ።

«ጫፍ ደርሼ ነበር?»

ስንዱ ፊቷን አዞረች። ከፊት የያዙት ወይዘሮ ብርነሽ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ገና ከመኪና ማቆሚያው አልወጣንም።»

ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞር ብለው፣ «አልጋዬ፣ ቶሎ በይ፤ እሱን መኪናው ውስጥ አስተኝተን ተራራችንን እንውጣ» አሏቸው።