አበርገሌ ላይ ያልተከፈተ ድረ ገጽ

«ኮምፓይል ያልተደረገ ኮድ ኮድ አይደለም» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዋግ፣ ሰቆጣ ያለው ቢሮዬ ውስጥ አንድ አለልኝ፤ ከባሕር ዳር ተመድቦ የመጣው ደሳለኝ። ኮምፓይል ማድረግ ማለት ኮዱን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ ነው፤ ሲሠራ ይፈጥናል፣ እስኪጫን ግን ይከብዳል።

የፍየል ገበያ ድረ ገጽ ስንሠራ እሱ ሁሉን ነገር ኮምፓይል አደረገው። ቢሮ ውስጥ በረረለት! እኔ ደግሞ ጽሑፉ ቀድሞ ይታይ፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ስክሪፕት ከኋላ ይድረስ ብዬ የራሴን ሠራሁ። ለመፋረድ ቆላው አበርገሌ ወረድን። ኔትወርካችንን ታውቁት የለ?

የደሳለኝ ገጽ በፍየል ነጋዴው በአያ ብርሃኑ ስልክ ላይ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሽማግሌው ጠብቀው ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ድግሱ እስኪደርስ እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ? አስገባና ውኃ ስጠው እንጂ!» አሉት።

«ትንሽ ይታገሱ፣ ከተጫነ በኋላ ይበራል።»

«እስከዚያማ ፍየሏ ትወልዳለች።»

የእኔ ገጽ ወዲያው ፍየሎቹን ዘርዝሮ አሳያቸው። አልኮራሁም ብል ማን ያምነኛል? እንደ እኛ ኔትወርክ ያለ ፈታኝስ በየትኛው አገር ይገኛል?

ደሳለኝማ ትናንት ባሕር ዳር ላለ ጓደኛው በስልክ ሲፎክር ሰማሁት፤ «የእናንተም ድረ ገጽ ሆኖ ነው? እኛ ዋጎች አበርገሌ ላይ ሳይከፈት ፈጣን አንልም!»