ሊቀ ሐሩር ኔቪል የሚነሡበት ወር

ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሄዶ የመጣ፣ ወይ ጭራሽ የመሄድ ሐሳብ የሌለው። ክረምቷ አጥንት ድረስ በሚዘልቀው በአውስትራሊያ ደሴት በታዝማኒያ ባለችው የባሕር ዳር ከተማችን ግን ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ዕድሜ ልኩን ሊሄድ የተነሣ። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው። ሻንጣው አልጋው ሥር ተዘጋጅቷል፣ ክትባቱን ተወግቷል፣ ካርታውን በቃሉ ይወጣዋል። የቀረው መሄድ ብቻ ነው።

የእኛው ሊቀ ሐሩር ኔቪል ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። በማዘጋጃ ቤቱ የቤት ውስጥ መዋኛ የማሞቂያውና የክሎሪኑ ኃላፊ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ የመጣሁት እኔ ደግሞ በሩ ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። ከተማው በሙሉ «ኔቭ» ይላቸዋል። እኔ ስልሳ ያለፈውን ሰው «አንተ» ለማለት አንደበቴ ስለማይታዘዝልኝ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ሰው ባለበት ጮክ ብዬ እንድጠራቸው ይፈልጋሉ።

«ገንዘብ ላለው አውሮፓ አለለት» ይላሉ ሊቀ ሐሩር፣ የጎማ ነጠላ ጫማቸውን እያንሸራተቱ። «እንደኔ ላለው ደግሞ አራት አገር አለ።» አራቱ አገሮች ኢንዶኔዥያ፣ ታይላንድ፣ ላኦስና ቬትናም ናቸው። እዚህ አንድ ሰሃን አሳና ድንች በሚበላበት ዋጋ እዚያ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እግር ታሽቶ ይታደራል። እሳቸው ከሜልበርን አልፈው አያውቁም። ይህ ግን ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ለእሳቸው።

ለዶሪን ትንሽ አልነበረም። ዶሪን የጠዋቱ የውሃ ውስጥ ስፖርት ሴቶች አለቃ ናት፤ በየክረምቱ ከእህቷ ጋር ወደ ኢንዶኔዥያዋ ደሴት ባሊ ትሄዳለች፣ ሁልጊዜ እዚያው ሆቴል። ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ በተመለሰች ቁጥር ሊቀ ሐሩር በሩ ላይ ይጠብቋታል።

«ገበያውን አየሽው?»

«የቱን ገበያ?»

«ከሆቴልሽ ጀርባ ያለውን።»

«ከሆቴሌ ጀርባ ግንብ ነው።»

«ከግንቡ ጀርባ።»

«ኔቭ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ እኮ።»

«እሱማ ነበርሽ» ይላሉ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ።

እውቀታቸው በወሬ ብቻ አልቀረም፤ ልምምድም ነበረው። የምሳ ሰዓት ሲሆን የመንገድ ቦርሳቸውን በመዋኛ ክብደቶች ሞልተው ይሸከሙና በሞቃቱ ገንዳ ዙሪያ ላብ እስኪያጠምቃቸው ይዞራሉ። ሕፃናቱን ዋና የምታስተምረው ልጅ አንድ ቀን አምቡላንስ ልትጠራ ነበር። «ተይኝ፣ ባንኮክ ነኝ» አሏት።

የቬትናምን መንገድ ማቋረጥም ተለማምደዋል። እዚያ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ሞተር ብስክሌቱ እንደ ወንዝ ነው፤ ሳትሮጥ፣ ሳትቆም፣ ዓይንህን ሳትሰብር መሃሉ ትገባለህ፣ እሱ ራሱ ለሁለት ይከፈልልሃል። ይህንን ለመለማመድ ወደ ሱፐርማርኬቱ መኪና ማቆሚያ ወረዱ። የከተማችን ሾፌሮች ክፋታቸው ጨዋነታቸው ነው። ሊቀ ሐሩር አንድ እግር ሲያነሡ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ንዱ እንጂ፣ ምን ትቆማላችሁ» ይላሉ፣ መሃል ላይ ሆነው።

አንዱ መስኮቱን አወረደ። «ኔቭ፣ ደህና ነህ? ቤትህ ላድርስህ?»

ዋጋ መከራከሩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆነ። በእኛ ገጠር መንገድ ዳር ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ እንቁላልና ማርማላታ፣ አጠገቡ የገንዘብ ሳጥን። ሻጭ የለም። ሊቀ ሐሩር ለልምምድ ብለው ሄዱ፣ ሳጥኑ ፊት ቆሙ፣ በመጨረሻ ሙሉውን ከፍለው ተመለሱ። «ሳጥን ቢከራከሩት ፊቱ አይለወጥም» ሲሉ ነገሩኝ።

ታዲያ ለምን አይሄዱም? በወሩ ምክንያት ነው። አራቱም አገር በአንድ ጊዜ ደረቅ የሆነበትን ወር እየፈለጉ ነው። ባሊ ሲደርቅ ላኦስ ይዘንባል። ላኦስ ሲደርቅ ባሊ ይዘንባል። ሚያዝያ ሁለቱም ደህና ናቸው ሲባል የሰሜን ላኦስ ገበሬዎች ማሳቸውን ያቃጥላሉ፤ ጭሱ ሰማይ ይሸፍናል። ጥቅምት የተሻለ ነው ሲባል የቬትናምን ወገብ ማዕበል ይመታዋል። የእግዜር ወሮች አንድ ባንድ ቀርበው፣ ተመርምረው፣ ወደቁ።

አንድ ቀን አሳዘኑኝና «የእኛ አገር አሥራ ሦስተኛ ወር አለው» አልኳቸው።

ዓይናቸው በራ። «ይዘንባል?»

«ይዘንባል።»

በረጅሙ ተነፈሱ።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሰላም ይቀጥል ነበር። ሜሬዲት የምትባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ግን መጣች። በዚህ አገር አንድ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከዓመት ፈቃዱ ሌላ ረጅም የአገልግሎት ፈቃድ ይጠራቀምለታል፤ የሊቀ ሐሩር ተጠራቅሞ ተራራ አክሎ ነበር። ሜሬዲት ትኬት መቁረጫዬ አጠገብ ቆማ ነገረቻቸው።

«ኔቭ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነህ። ልመና አይደለም።»

«በሐምሌ? ላኦስ በሐምሌ ዶፍ ነው።»

«እንግዲያው ቤትህ ተቀመጥና ቴሌቪዥን እይ። እዚህ ግን እንዳላይህ።»

ዶሪን በፎጣ ተጠቅልላ ትሰማ ነበር። «ዝናብ ፈርተህ ነው? ዕድሜህን ሙሉ ውሃ ስትጠብቅ ኖረህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሊቀ ሐሩር አልሳቁም። ወደ ማሞቂያው ክፍል ወረዱና እስከ ሻይ ሰዓት አልወጡም። ሻያቸውን ይዤ ወረድኩ። በባልዲ ላይ ተቀምጠው ከሚያጓራው ቱቦ ጋር ተፋጠዋል።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ነገሩ ዝናቡ አይደለም።»

ሻዩን እንደያዝኩ ሌላ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ።

«ስንቱን ሰው መክሬ ልኬአለሁ። ይህን ብላ፣ እዚያ እደር፣ በዚህ ጀልባ ተሳፈር ብያለሁ። እዚያ ደርሼ እንዳልኩት ሆኖ ባላገኘውስ? እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው የሚያውቀኝ በምንድን ነው? በክሎሪን ነው?»

ላጽናናቸው ፈለግኩ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ግጥም ስማር የጻፍኩት ሁሉ ስለ ባሕር ነበር። ዋና አልችልም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «መዋኛ ቤት እየሠራሽ?»

«አዎ።»

«ማን ያውቃል?»

«እርስዎ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቃቸው ከቱቦው ድምፅ በላይ ሆነ። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ሻዩን ተቀበሉኝ። «ሁለታችንም ጉደኞች ነን» አሉ። በማግሥቱ የአውሮፕላን ትኬት ገዙ።

ትንሿ አውሮፕላን ማረፊያችን ላይ የውሃ ስፖርት ሴቶች በሙሉ የሱፍ ኮፍያቸውን አጥልቀው ተሰለፉ። ሊቀ ሐሩር ቦርሳቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ያለ ክብደቶቹ ቦርሳው ቀሎባቸው ወደ ፊት ያዳፋቸዋል። ሰው ሁሉ ንግግር ይጠብቅ ነበር፤ እሳቸው ፓስፖርታቸውን ደጋግመው ይዳብሳሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዶሪን ቀርባ የቦርሳውን ማሰሪያ አጠበቀችላቸው።

«መንገድ ከጠፋህ ሰው ጠይቅ» አለቻቸው። «እዚያ የሚኖሩት እነሱ ናቸው።»

«እሺ» አሉ። ዶሪንን እሺ ሲሏት ሰምቼ አላውቅም።

ከሄዱ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። መዋኛ ቤቱ ውሃው ያው ሆኖ ባዶ መሰለ። ከባሊ የተመለሰ ሰው በሩ ላይ ሲቆም ያመለጠውን የሚነግረው አጥቶ ግራ ይገባዋል። ዶሪን ራሷ በዚያ ክረምት አልሄደችም፤ «ጉልበቴን አሞኛል» አለች። ከስፖርቱ በፊት ግን በየጠዋቱ «የደወለ አለ?» ትለኛለች፣ ስለ አየሩ እንደምትጠይቅ ሰው ቀለል አድርጋ።

አንድ ጠዋት ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው እየዘለሉ ሳለ ስልኬ ጠራ። በምስል ነበር። ከገንዳው ዳር ተንበርክኬ ስልኩን ወደ ውሃው አዞርኩላቸው፤ ሴቶቹ እንደ ዳክዬ ተሰብስበው መጡ።

ሊቀ ሐሩር ላኦስ፣ አንዲት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በትንሽ የፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ገጥሞ ተቀምጠዋል። ከራስ እስከ እግር ርሰዋል። አንድ ነገር ይበላሉ።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አለች ዶሪን።

«አላውቅም።»

ዶሪን ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ስሙን አልጠየቅክም?»

«ጠየቅኩ። ሴትየዋ ነገረችኝ። መልሼ ስጠራው ሳቀችብኝ። እንደገና ነገረችኝ፣ እንደገና ሳቀች። አሁን ጎረቤቶቿን ጠርታ እየመጡ ነው።» ከኋላቸው የሴቶች ሳቅ ይሰማል። «ዶሪን፣ የማላውቀው ብዛቱ። ከጠዋት እስከ ማታ ነው የምጠይቀው።»

«ዝናቡስ?»

ስልኩን ወደ ውጭ አዞሩት። ቀይ መንገድ፣ የሙዝ ቅጠል፣ ከጣሪያው እንደ መጋረጃ የሚወርድ ውሃ። ቆርቆሮው ላይ የሚመታው ድምፅ መዋኛ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው መስመሩ እስኪቋረጥ የሌላ አገር ዝናብ አዳመጡ።

ዶሪን ዓይኗን በእርጥብ መዳፏ አበሰች። «ኔቭን የተካው ልጅ ክሎሪን ያበዛል» አለች።

«በጣም ያበዛል» አልኳት፣ በእጅጌዬ ዓይኔን እየጠረግኩ። እኔ ውሃው ውስጥ አልነበርኩም።