ማንኪያ ለዋጯን ማንኪያ ለወጣት

ትናንት ማታ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ «ትርሲት፣ በዚህ ከተማ እንዳንቺ ያለ ማንኪያ ለዋጭ አልተፈጠረም!» ይህን ብዬ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ያንን ሕልም ያመጣብኝም ይሄው ጉራዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራዬን ለማታውቁ ላስረዳ። ሌብነት አይደለም። ሌባ ይወስዳል፣ እኔ እለውጣለሁ። ጥጉ ጋ ያለው ጁስ ቤት እገባለሁ፣ ስፕሪሴን እጨርሳለሁ፣ ማንኪያውን በሶፍት ጥርግ አድርጌ ግራ ቀኝ አያለሁ፣ ከዚያ ጃኬቴ ኪስ ይገባል። በእሱ ቦታ ከጋሽ ወልዴ ግሮሰሪ ያመጣሁትን አስቀምጣለሁ። ግሮሰሪውማ «አጎቴን ልጠራ ነው» ብዬ ነው የምገባው። አጎቴ ሁሌም እዚያ ስለሚገኝ ውሸት አይባልም። ፉል ቤት ሽንኩርት ሲሸከም የኖረ ማንኪያ ዛሬ ትልቁ ሆቴል ገብቶ ኬክ ይቆርሳል። እድገቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ! ደግሞ ማንም ነቅቶብኝ አያውቅም። ማንኪያ ማንኪያ ነው። አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ፣ ምን ጎደለ?

እናላችሁ በሕልሜ ጁስ ቤቱ ገባሁ። ወንበሮቹን ሁሉ ማንኪያዎች ይዘዋቸዋል፣ እግር ሳይኖራቸው እግራቸውን አነባብረው። አስተናጋጇ ብርቄ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትቀባለች። ደንበኞቹ ሽርጥ አስረው ይላላካሉ። አንድ ሆዱ የተነፋ የሾርባ ማንኪያ አጨበጨበ።

«አንድ ሰው አምጡልኝ! ንጹሕ ይሁን፤ ትናንት ያመጣችሁልኝ ፀጉር ነበረበት።»

አጎቴ ሽርጡን እንዳሰረ መጣና ወገቤን ይዞ ጠረጴዛው ላይ አቀረበኝ።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«ዝም በይ፣ ደንበኛ ፊት አታዋርጂኝ» አለኝ። አጎቴን ሥራ ላይ ያየሁት በሕልሜ ብቻ ነው።

ማንኪያው ዘቅዝቆ ያዘኝና አቮካዶው ውስጥ ነከረኝ። በጭንቅላቴ ማንጎውን ከፓፓያው ጋር አማሰለ። ሲጠግብ በሶፍት ጥርግ አደረገኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አየ። ኧረ እኔ ይሄን አስተያየት አውቀዋለሁ! ሳልጮህ ኪሱ ውስጥ ከተተኝ። ከሌላኛው ኪሱ ሌላ ልጅ አውጥቶ በእኔ ቦታ አስቀመጠ። ቁመቷ የእኔ፣ ሹሩባዋ የእኔ።

«እማዬ ታውቅብሃለች!» አልኩት ከኪሱ ውስጥ።

«ልጅ ልጅ ነው። አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ፣ ምን ጎደለ?» አለ ማንኪያው።

የእኔን ንግግር ከየት ሰማው?

ኪሱ ውስጥ አንድ ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ አበባ ሰክቷል።

«አንተስ ከየት ተነሳህ?» አልኩት።

«ከሠርጌ። ሙሽራው ነበርኩ።»

«በቦታህ ሰው አስቀመጡ?»

«አንድ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ አስቀመጡ።»

«ሙሽሪትስ?»

«እየጨፈረች ነው» አለና አበባውን በላው።

በኪሱ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ጋሽ ወልዴ ግሮሰሪ ደርሰናል። ቢራዎቹ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ሰው ይጠጣሉ። ባለቤቱን ጋሽ ወልዴን እንኳ አረፋ እስኪደፍቁ ነቀነቋቸው። «ይሄ ሰው ሞቋል፣ ቀዝቀዝ ያለ አምጡ!» ይላል አንዱ ጠርሙስ። ማንኪያው ሙሽራውን እዚያ ጥሎ እኔን አንድ የማላውቀው ቤት፣ የእራት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝና ሄደ።

አንዲት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ። «ስርጉት፣ ዛሬ ትንሽ ከስተሻል ልበል?»

«እኔ ስርጉት አይደለሁም፣ ትርሲት ነኝ!»

«ይሁን። እጅሽን ታጠቢ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። የራሳቸው ልጅ ጠፍታ የተጨነቁት ለእጄ ነው! ወዲያው አባትየው ሪዛቸውን እያሻሹ፣ ቁምጣ ለብሰው፣ ኳስ ታቅፈው መጡ።

«እትዬ ስርጉት፣ ውጪ ወጥቼ ልጫወት?»

«የቤት ሥራህን ጨርሰሃል?» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ማልቀስ ጀመሩ። «ሒሳቡ ከብዶኝ ነው...»

አባበልኳቸውና በመስኮት ወጣሁ። ጭንቄ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን ልጅ እማዬ ሳትለምዳት ቤት መድረስ።

መንገድ ላይ ታክሲዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ገና ሲያዩኝ ተጋፉ። «ሙሉ ነኝ! ሙሉ ነኝ!» ብል ማን ይስማኝ? ሦስቱ ጀርባዬ ላይ ወጡ። አራተኛው ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ታክሲ ይይዛል!» ይላል። ትራፊኩ አስቆመኝና ትርፍ ስለጫንኩ ራሱን ቀጣ። ታክሲዎቹን እንደተሸከምኩ እየተንገዳገድኩ ሰፈራችን ደረስኩ፣ አራግፌያቸውም ገባሁ።

ልጅቷ ፒጃማዬን ለብሳ ሳህን ታጥባለች። ያውም ሳትታዘዝ! ያውም እያንጎራጎረች!

«እማዬ፣ ትክክለኛዋ እኔ ነኝ!»

እማዬ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። «እኔን ግራ አታጋቡኝ» አለችና ፖሊስ ጠራች። የመጣው የእኛው ቤት ማማሰያ ነው፣ ኮፍያ አድርጎ። ስንት ዓመት እሱን ሸሽቼ አልጋ ሥር የተደበቅኩት ማማሰያ ያን ጊዜ እንደ ሥጋ ዘመድ ናፈቀኝ።

«ጋሽ ማማሰያ፣ እርስዎ እንኳ ያውቁኛል አይደል?»

«ዙሪ» አለኝ። ጀርባዬን ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረገና ድምፁን አዳመጠ። «እሷው ናት። ይሄን ጀርባ በጨለማም አውቀዋለሁ።»

ደስታዬ! ልጅቷን «አውልቂ ፒጃማዬን!» ልላት አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ።

«እሷ መሆኗንማ እኔስ መች አጣሁት? ግን ይቺኛዋ ሳህን ታጥባለች። አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ፣ ምን ጎደለ?»

«እኔ ጎደልኩ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ! እኔ ጎደልኩ!»

በራሴ ጩኸት ባነንኩ። ነግቷል። እማዬ ደጃፍ ላይ ከሰው ጋር ታወራለች። በባዶ እግሬ ሮጬ ሄጄ ወገቧ ላይ ተጠመጠምኩ። ፊት ለፊቷ የቆመችው ብርቄ ናት፣ የጁስ ቤቷ። እጇ ላይ ማንኪያ ይዛለች።

«እንካ፣ ይሄ የጋሽ ወልዴ ነው» አለችኝ፣ ስታሾፍ ወንድ እያደረገችኝ። «የእኛን አምጣ፣ ልከፍት ነው።»

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ግሮሰሪው ገና ከበር ስትገቢ አጎትሽ ራሱ ‹መጣች፣ ማንኪያ ሰብስቡ› ይላል። አንቺ ስትለውጪ ትውያለሽ፣ እኛ ስንመልስ እናመሻለን።»

«የፉል ቤቱስ?» አልኩ ቀስ ብዬ። ያ እድገት የሰጠሁት።

«እሱን የሆቴሉ ሰዎች ዕለቱን ነው የመለሱት። ኬኩ ሽንኩርት ሽንኩርት አለ ብለው።»

ማንኪያዋን በሩ ጀርባ ከተሰቀለው ጃኬቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ብርቄ እየሳቀች ሄደች። ሕልሙ ግን ገና አልለቀቀኝም፤ እኔም የእማዬን ቀሚስ አልለቀቅኩም።

«እማዬ፣ አንድ ሰው እኔን በሌላ ልጅ ቢለውጥብሽ፣ ወጥተሽ ትፈልጊኛለሽ?»

እማዬ በሩን ዘጋችና ሳይታጠብ ያደረውን የሳህን ክምር በአገጯ አሳየችኝ።

«ምን አደከመኝ? የወሰደሽ ሰው ሳይመሽ ራሱ አምጥቶ ይጥልሻል።»