አማች ያመለጠበት መስኮት

የሆነብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። መቼ እንደሆነ ግን በትክክል አላስታውሰውም። ማንጎው መርገፍ ጀምሮ ነበር፤ ሙቀቱም ሰውን ከቤት ያስወጣ ነበር። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ።

ባሕር ማዶ የሄድኩ ሰው አይደለሁም። ከወሎ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጋምቤላ፣ ነርስ ልጄ ዘንድ ነው የመጣሁት። እናቷ ካረፈች በኋላ "አባዬ ብቻህን አትሆንም" ብላ አመጣችኝ። ግን ከውጭ ሀገር ሰው በምን እለያለሁ? ዕድሜዬን በጋቢ የኖርኩ ነኝ። እዚህ ጋቢ የደረበ ሰው ካዩ ወባ ይዞታል ብለው ያዝኑለታል።

አንቱ የሚለኝም የለም። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር "አንተ፣ ግባ" ነው የሚለኝ።

ደግ ጎረቤት ግን ሰጥቶኛል። ወይዘሮ ኛዳክ ትባላለች፤ ኑዌር ናት። የመጣሁ ሰሞን ሙቀቱ ሊገድለኝ ሲል አልጋዬን ደጅ አስወጥታ አጎበር የሰቀለችልኝ እሷ ናት።

ይህችን ሴት ነው ጉድ የሠራኋት።

አንድ ቀን መጣችና "አባባ፣ ልጄን የሚያገባው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ይመጣል። አንተ ቤት ይብላ?" አለችኝ።

"ቤቱ የናንተው ነው" አልኳት። የእኛ ሳሎን ሰፋ ስለሚል ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ልጄ ደግሞ ለሥራ ኢታንግ ሄዳ ነበር፤ የሚመክረኝ የለም።

ኛዳክ ዓሣውን፣ የማሽላ ገንፎውን፣ ወተቱን ሁሉ አምጥታ ደርድራ ሄደች። ሙሽራው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ቱት ይባላል። ቁመቱን እንዴት ልንገራችሁ፤ እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ነው የምንተካከለው።

ግን ኛዳክ የለችም።

አማት የጠፋችበት የአማች ግብዣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጋ የሙሽሪት እናት ከራስጌው ቆማ "ብላ እንጂ፣ ምነው ተውከው" እያለች መከራውን ነው የምታበላው። ልጆቹ ምግቡን ሳይነኩ ሲቀመጡ እሷን የሚጠብቁ መሰለኝ።

ሄጄ "ነይ እንጂ" አልኳት።

"አይ፣ አባባ። አይሆንም።"

"ግድ የለም፣ ነይ።"

"አይሆንም አልኩህ።"

እኔ ባደግሁበት ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ እሺ አይልም። እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ይመጣል። እንዴት ያለች ጨዋ ናት ብዬ ጭራሽ ወደድኳት።

ስለዚህ ዋሸሁ። "ወተቱ ፈሰሰ" አልኳት።

ደንግጣ በጓዳ በኩል መጣች። እዚያ እጇን ይዤ፣ በይ በይ እያልኩ ሳሎን አስገባኋትና በሩ ሥር ካለችው የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥኳት። ከቱት ፊት ለፊት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አፈረች አልኩ።

እኔ ስወጣ መብላት ጀምረው ኖሯል፤ ቱት ዓሣ በአፉ ነበር። ማኘኩን አቆመ።

በዚህ መች በቃኝ። የዓሣውን አጥንት በጣቴ ለቅሜ፣ ገንፎ ጨምሬ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ሠራሁና "አማትህ እያየችህ ጉረስ" ብዬ አፉ ውስጥ ከተትኩለት።

ቱት ተነሣ። በሩ በኛዳክ ወንበር ተይዟል።

በመስኮት ወጣ።

በመስኮት! ያ ሁሉ ቁመት፣ ከነትንኝ መከላከያ ወንፊቱ። ጓደኞቹም ተከተሉት። እኔ እባብ ያዩ መስሎኝ ወንበር ላይ ወጣሁ። ዞር ስል ኛዳክም የለችም።

ለልጄ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰማችኝና "አባዬ፣ እዚህ እኮ አማች አማቱ ፊት አይበላም፤ ትልቅ ነውር ነው። ለዚያ ነው አንተ ቤት እንዲበላ ያደረገችው። ምነው ብትጠይቀኝ?" አለች።

መጠየቅ እንዳለብኝ በምን ልወቅ? እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሰው ከማጉረሱ በፊት ስልክ ይደውላል?

ነገሩ ግን የሣቅ አልነበረም። የቱት ወገኖች ስለ ጥሎሽ ከብት ሊነጋገሩ ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ ቀሩ። ልጁ ካፈረበት ቤት እንዴት ይመለስ? ሙሽሪት እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ኛዳክ ሰላምታዬን አንገቷን በመነቅነቅ ብቻ ትመልሳለች። የሰው ልጅ ትዳር በእኔ ጉርሻ ሊፈርስ! ምግብ አልበላ አለኝ።

በኋላ የኛዳክ ታላቅ ወንድም መጣና ከማንጎው ሥር ተቀመጥን።

"እህቴ ልጁን ሲበላ አየችው?" አለኝ።

"አዎ፣ አይታዋለች።"

"በምን ዓይኗ? እህቴ እኮ አታይም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካንተ ጉርሻ በፊት ጀምሮ።"

ፊቱ ላይ ሣቅ የለም። ኛዳክ አጠገባችን ተቀምጣ ከማሽላው ውስጥ ጠጠር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል መልቀሟን ቀጠለች።

እኔን ይዞ ወደ ቱት ቤተሰቦች ሄደ። እህቱ ዓይኗ ስለደከመ ምንም እንዳላየች ነገራቸው። ካላየች ነውር የለም ማለት ነው።

"ምስክር አለህ?" አሉት። ወደ እኔ ጠቆመ። በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት ልመሰክር ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን የጠየቀኝ ይህን ነው፦

"እህቴ ቤትህ እንዴት ገባች?"

"እጇን ይዤ አስገባኋት።"

"ወንበሩ ላይስ?"

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት።"

"ፊቷ ወዴት ነበር?"

"ወደ ግድግዳው።"

አንዲት ውሸት የለችበትም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ብዙ ሳለ፤ ሳል ግን አልመሰለኝም። ከዚያ "ምስኪን፣ እግዜር ይማራት። ስለ ከብቱ መቼ እንምጣ?" አለ።

ጋብቻው ሆነ። እኔ ግን አልተፈታሁም። የቱት ዘመዶች በመንገድ ብቅ ባሉ ቁጥር ኛዳክ ክንዴን ትይዛለች። እኔ ነኝ መሪዋ። ባለፈው ገበያ መሐል እንቅፋት መታኝና ልወድቅ ስል ደግፋ አቆመችኝ።

"አባባ፣ እያየህ ሂድ እንጂ" አለችኝ። "እኔ አላይም።"

ለዘመናት አይሆንም ሲሉኝ እሺ ነው ብዬ የተረጎምኩት ስንት ይሆን? በዚህ ዕድሜ የሰው አፍ መስማት ልማር? ኮሜንት ላይ አትሳቁብኝ፤ ምክር ካላችሁ ግን ጻፉልኝ።

ሳያስዋሸኝ ከዚያ ጉድ ያወጣኝ የኛዳክ ወንድም ስሙ ጋትኩት ነው።