ከጋቢው ሥር ያለው ማሊያ

ሰው የማይለውጠው ነገር ምን እንደሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ሰፈር ይለወጣል። ሥራ ይለወጣል። ስልክማ በየጊዜው ይለወጣል፤ ያውም የድሮው ምንም ሳይሆን። ገንዘብ ያለው ጥርሱን ሳይቀር አስለውጦ ይመጣል። የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ለውጦ በሰላም ያደረ ሰው ግን እኔ እስካሁን አላየሁም። ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር የያዝኩት ቡድን ይኸው ጢሜ ሸብቶም አብሮኝ አለ። በየዓመቱ መጀመሪያ «ዘንድሮ የእኛ ነው» እላለሁ፤ በየዓመቱ መጨረሻ «ለከርሞ» እላለሁ። መሃሉን እናንተው ሙሉት።

ቡድኔ ማን ነው? አልነግራችሁም። ስሙን ከጠራሁ ግማሾቻችሁ ወጉን እዚሁ ላይ ታጥፉታላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ ታዝኑልኛላችሁ። ስለዚህ «ቀዮቹ» እንበላቸው። እነሱ እንግሊዝ አገር ናቸው፤ እኔ ሐይቅ ከተማ ነኝ። እኔ የበረኛቸውን የጉልበት ሕመም ሳይቀር አውቃለሁ፤ እነሱ መኖሬንም አያውቁም። ፍቅር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሥራዬ ልብስ ሰፊነት ነው። እጄ መጥፎ አይደለም፤ ግን እንደ ውጤቱ ነው። ቀዮቹ ባሸነፉ ማግስት ስፌቴ እንደ መስመር ቀጥ ይላል፤ በተሸነፉ ማግስት ግን ለአባትየው የለካሁት ሱሪ ለልጁ ይሆናል። ይህን የተረዱ ደንበኞቼ ሰኞ ጠዋት ጨርቃቸውን በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና «ሰይድ፣ እንዴት ወጣችሁ?» ይሉኛል። መልሱን ከፊቴ ካነበቡ «ለሐሙስ እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ። አልቀየማቸውም፤ ልክ ናቸው።

ደስታው ሲመጣስ? አቤት! አንድ ቀን በባከነ ሰዓት ጎል አግብተን፣ አጠገቤ ያገኘሁትን ሰው አቅፌ ከኳስ ማሳያው ቤት እስከ አስፋልቱ ድረስ ጨፍሬያለሁ። ሰውየው ለካ ኳስ ሊያይ ሳይሆን ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነበር የገባው። እሱም ጨፈረ። የእኛ አገር ሰው የሰው ደስታ ብቻውን ሲቆም ማየት አይሆንለትም። አምባሰልና ባቲ የዜማ ቅኝት ስም ሆነው የቀሩት የወሎ ሰው የከፋውንም ደስ ያለውንም አንጎራጉሮ ማውጣት ስለሚችልበት ይመስለኛል። የቀዮቹ ደጋፊ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ሁለቱም ቅኝት ሊያስፈልገው ይችላል። ወደ ነገሬ ልግባ፤ ነገሬም የአንድ ቅዳሜ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ ከማል ያደገው እኔ ቤት ነው። ገና እግር ሳያወጣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ኳስ ሳሳየው ስለኖርኩ እሱም ቀይ ነው። ዛሬ ጎልምሶ ከሐይቁ የሚወጣውን ቆሮሶ ዓሣ ደሴ ላሉ ምግብ ቤቶች ያደርሳል። ይህ ልጅ ዘሃራ የምትባል መምህርት ወደደ፤ እሷም ወደደችው። እስከዚህ ድረስ የአላህ ሥራ ነው። አባቷ አቶ ይመር ግን ውጫሌ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ለጋስ፣ ቃላቸውን አክባሪ፣ ደግ ሰው። አንድ እንከን ብቻ አለባቸው። ሰማያዊ ናቸው።

ሰማያዊዎቹ ማለት ከቀዮቹ ጋር በአንድ ከተማ ውሃ የሚጠጡ ባላንጣዎቻችን ናቸው። የአቶ ይመር የግቢ በር ሰማያዊ ነው፤ የሱቃቸው መዝጊያ ሰማያዊ ነው፤ ሚዛናቸው እንኳን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ከማል ይህን እያወቀ «አጎቴ፣ እሷን ካልሰጡኝ ሌላ አላገባም» አለኝ። የሚለውን የሚያደርግ ልጅ ነው። ጨነቀኝ።

ሽማግሌ ሆነን ሦስት ሰዎች ተመረጥን። ዋናው ጋሽ አሰፋ ናቸው፤ አንደበታቸው ማር የሆነ፣ ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ ክርስቲያን ጎረቤቴ። ሁለተኛው ዱአቸው የሚሰማላቸው ሼህ እንድሪስ፤ ሦስተኛው እኔ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ አቶ ይመር በወጉ «ልምከርበትና ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ኑ» ብለው ሸኙን። ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ የሚጋጠሙት እሁድ ነበር። በመሃል ጨዋታው ለቴሌቪዥን ሲባል ወደ ቅዳሜ መጣ። በዚያው ቀን! በዚያው ሰዓት! ኳስ ቢዛወር ይዛወራል፤ የሽማግሌ ቀጠሮ ግን አይዛወርም።

ቅዳሜ ጋቢያችንን ለብሰን ሚኒባስ ተሳፈርን። ለውል ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት፤ ይህን አገር ያውቀዋል። እኔ ያሰብኩት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀይ ማሊያዬን ሳልለብስ በዋልኩበት ጨዋታ ተሸንፈን ስለምናውቅ፣ ከጋቢው ሥር ለብሼዋለሁ። ጋሽ አሰፋ መንገድ ላይ አንገቴን አየት አደረጉና «ሰይድ፣ ምነው ቀላህ?» አሉኝ። ጋቢዬን እስከ አገጬ ድረስ ሳብኩ።

አቶ ይመር በክብር ተቀብለው ሳሎን አስቀመጡን። ቴሌቪዥኑ በቀጣዩ ክፍል ነው፤ ወንዶች ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ታጭቀውበታል። ለሽማግሌ ክብር ሲባል ድምፁ ተቀንሷል። አቶ ይመር ግን ወንበራቸውን በብልሃት ነው ያስቀመጡት፤ በበሩ መጋረጃ ክፍተት የቴሌቪዥኑን እኩሌታ ያያሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለተቀመጥኩ የማየው ፊታቸውን ብቻ ነው። እሱን እያየሁ ጨዋታውን መከታተል ጀመርኩ። ግንባራቸው ሲፈታ ልቤ ይወርዳል፤ ከንፈራቸውን ሲነክሱ ነፍሴ ትመለሳለች። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም!

ጋሽ አሰፋ የልጁን ጨዋነት ዘርዝረው፣ የዘሩን መልካምነት አመስግነው ሲያበቁ አቶ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅቱን ጠይቄያታለሁ፤ ፈቅዳለች። ስለ ልጁም ያጣራሁት መልካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የማን ደጋፊ ነው?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሽ አሰፋ ቀደሙኝ። ጋሽ አሰፋ ስለ ኳስ የሚያውቁት ክብ መሆኑን ብቻ ነው።

«አብሽሩ! ድሮ የቀዮቹ ነበር ይላሉ። አሁን ግን ለእርስዎ ክብር ሲል ወደ ሰማያዊዎቹ ተዛውሯል» አሉ ፈገግ ብለው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጋሽ አሰፋ ግን ለማደርም አልታደለም። አቶ ይመር ዓይናቸውን ከመጋረጃው ላይ ነቀሉ።

«ተዛወረ? መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት!» አሉ ጋሽ አሰፋ፣ ትኩስ ዳቦ እንደሚያቀርብ ሰው ደስ ብሏቸው።

አቶ ይመር ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ፤ ያ ነው የባሰው።

«ወላሂ፣ ቀይ ቢሆን እችለው ነበር። እኔ ኸልጅነቴ የያዝኋቸውን ሰዎች በየሜዳው ሲደቆሱ እያየሁ አልተውኋቸውም። ሰው ሲስቅብኝም አልተውኋቸውም። እሱ ኸሳምንት በፊት ቡድኑን ጥሎ ኸመጣ፣ ልጄ አንድ ቀን ታማ ብትተኛበትስ? ያኔ ወደ ማን ሊዛወር ነው? ይቅር በሉኝ፤ ልጄን አልሰጥም። በሉ ዱአ አርጉልንና በኸይር ግቡ።»

አበቃ! የከማል ፊት በዓይኔ ላይ መጣ። «አልተዛወረም!» ብዬ ልጮህ ፈለግሁ፤ ግን ዋናውን ሽማግሌ በሰው ቤት ውሸታም ማድረግ ሆነብኝና ዋጥሁት። ሼህ እንድሪስ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን፤ ጋሽ አሰፋም እንደ አገራችን ደንብ ዘረጉ።

«አገራችንን ሰላም ያድርግልን።»

«አሚን!»

«ዝናቡን በወቅቱ ያምጣልን።»

«አሚን!»

በዚህ መሃል ከወዲያኛው ክፍል «ሪጎሬ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። የማን ሪጎሬ? በዱአ መሃል ዞር አይባል! የአቶ ይመርን ፊት አየሁ። አንድ ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ከንፈራቸው ተነክሷል። የእኛ ነው!

«ያጣነውን ይስጠን» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«አሚን!» አልኩ፤ እንዲያ ያለ አሚን በዕድሜዬ ብዬ አላውቅም። ወዲያው ከወዲያ ክፍል የሐዘን ማቃሰት መጣ፤ የአቶ ይመር ፊት ተደፋ። እኔ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«ጎ-ል!»

ብድግ ስል ጋቢዬ ወረደ። በሳሎኑ መሃል፣ በሰማያዊ ሰው ቤት፣ እጆቼን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ቀይ ማሊያ ለብሼ ቆሜያለሁ። ጋሽ አሰፋ ፊታቸውን ሸፈኑ። ሼህ እንድሪስ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀርቶ ያዩኛል፤ ዱአቸው እንዲህ በቅጽበት ሲሰማ እሳቸውም አይተው አያውቁም መሰለኝ።

«አንቱ የልጁ ምኑ ነዎት?» አሉ አቶ ይመር።

«አጎቱ ነኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አልተዛወረም፤ ወላሂ አልተዛወረም! ጋሽ አሰፋ ኳስ ስለማያውቁ ነው።»

«ይደውሉለት። ድምፁን ለሁላችንም ያሰሙት።»

ደወልኩ። ከማል ቤት ቁጭ ብሎ ዱአ እያደረገ መልሳችንን ሊጠብቅ ነበር ቃል የገባው። ስልኩ ሲነሳ የኳስ ማሳያ ቤቱ ጫጫታ ሳሎኑን ሞላው። ስለ ዘሃራ የለም፤ ስለ ሽምግልናው የለም፤ አንቱታውንም ረስቶታል።

«አጎቴ! አየኸው? አየኸው ወይ? በረኛውን ወዲያ ልኮ ኳሱን ወዲህ! ዘንድሮ የእኛ ነው አጎቴ! የእኛ ነው!»

አቶ ይመር ስልኩን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ጢማቸው ሥር ሳቅ መጣ፤ ሊያፍኑት ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። «ተነሱ፣ ወዲያ ክፍል እንግባ» አሉ። «እርስዎም ጋቢዎን ይተዉት። ኸተጋለጡ አይቀር እንደተጋለጡ ይዩት።»

ገባን። ባልገባን! ከእረፍት በኋላ ሰማያዊዎቹ አንድ አገቡ። መልሰው አገቡ። ቤቱ ተናወጠ፤ እኔ ቀይ ማሊያዬን ለብሼ በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሃል እንደ ተረሳ ዕቃ ተቀመጥኩ። ፊሽካው ሲነፋ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ አልደብቃችሁም። አቶ ይመር ጭፈራውን ትተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«ለሚመጣው ሳምንትስ ትደግፏቸዋላችሁ?»

«ወዴት እንሄዳለን?»

«ልጁስ?»

«እሱስ ወዴት ይሄዳል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ። «ሼህ እንድሪስ፣ ዱአውን ይጨርሱልን።»

በመልሱ መንገድ ለከማል ደወልኩለት። «ተሸነፍን እኮ አጎቴ» አለኝ በደከመ ድምፅ። «ልጅቷን ግን ሰጡን» አልኩት። ጩኸቱ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ደረሰ፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው «እንኳን ደስ አላችሁ» አለኝ። በአንድ ቅዳሜ ያን ያህል ማዘንና ያን ያህል መደሰት እንዴት እንደቻልኩ እስካሁን ይገርመኛል።

ሰርጉ በሰላም አለፈ፤ ከጨዋታ ቀን ጋር እንዳይጋጭ ሁለቱም ወገን ተጠንቅቋል። አሁን ከማልና ዘሃራ ደህና ናቸው። ደህና ያልሆኑት ጋሽ አሰፋ ናቸው። ያን ቀን ውጫሌ ላይ ሰው ሲጨፍር አብረው ጨፍረው ሰማያዊዎቹን ይዘው ተመለሱ። ሰማያዊዎቹ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አልቀናቸውም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጋሽ አሰፋ የሚያሳጥሩት ሱሪ ይዘው ሱቄ መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል። ሱሪውን መስጠቱን ትተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ሰይድ፣ ይሄን ነገር መተው ይቻላል?»

«አይቻልም ጋሽ አሰፋ።»

በረጅሙ ተነፈሱ።

«አየህ ጉዴን? የሰው ልጅ ልድር ሄጄ ራሴን ድሬ መጣሁ።»