ሲበላሽ ለማን ይደወላል?

ደውሎ የሚቆጣው ሰው ከሌለ ዕቃ የማይገዛ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር ዳላስ ውስጥ አንድ ቢሮ እሠራለሁ። ጋሼ ታደለ ይባላሉ። የኢንሹራንስ ድርጅታችንን ሜይንፍሬም፣ ያንን ቁም ሣጥን የሚያህል አሮጌ ኮምፒውተር፣ ይጠብቃሉ። ይጠብቃሉ ስል እንደ ዘበኛ ማለቴ ነው።

እዚሁ ቴክሳስ ያደገችው ፕሮግራመራችን ቤቲ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ልትጭንበት ፈለገች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፍሪ ነው። ኮዱም ክፍት ነው።»

«ክፍት? አንቺ ቤትሽን ክፍት ትተሽ ትወጫለሽ?»

«ኖ፣ ማለቴ፣ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ያስተካክለዋል።»

«ሁሉም ሰው ማን ነው? ሲበላሽ ለማን ነው ኮል የማደርገው?»

የሁሉም ሰው ስልክ ቁጥር ከየት ይመጣል?

በሳምንቱ ሜይንፍሬሙ ቀጥ አለ። ሥራ ቆመ፣ አለቆች ተሯሯጡ። ጋሼ ግን ደስ አላቸው ብል ይቀለኛል። «ባለቤት ያለው ነገር እንዲህ ነው!» ብለው በቢሮው ስልክ ለአምራቹ ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ማሽኑን የሚያውቁት የእኛ ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል» አለ ስልኩን ያነሳው ልጅ በእንግሊዝኛ። «ግን ሲቸግረን የምንጠይቀው አንድ ጎበዝ ደንበኛ አለን። ሆልድ ያድርጉ፣ ልደውልለት።»

«አየሽ?» አሏት ቤቲን።

ወዲያው የጋሼ ሞባይል ጮኸ። ማን እንደደወለ ሳያዩ አነሱት።

«ይቅርታ፣ አሁን ቢዚ ነኝ» አሉ። «ማሽን ተበላሽቶብኝ ባለሙያ እየጠበቅሁ ነው።»