የደረጃው መብራትና ክቡር መሐንዲስ

ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ውሎ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ቤቱ ዓይን ቢወጉ የማያሳይ ሆኖ ነበር። የደረጃችን መብራትም ቀኑን መርጦ ተበላሸ።

የትም ቤት ቢሆን፣ ነገር ሲበላሽ ባለሙያ ሳይጠራ ከተፍ የሚል ዘመድ አይጠፋም። የእኛው ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሥራቸው ጫማ መሸጥ ነው። የኤሌክትሪክ ንድፍ የሚያስተምር መጽሐፍ ካነበቡ ወዲህ ግን ሰፈሩ «ክቡር መሐንዲስ» ይላቸዋል። እሳቸውም አቤት ይላሉ።

ክቡር መሐንዲስ ሳይነድፉ ብሎን አይነኩም። የእህታቸውን ምድጃ ሲጠግኑ ወረቀቱ አልበቃ ብሏቸው ንድፉ ወደ ጠረጴዛው ልብስ ተሻገረ። የእኛን የበር ደወል ሲሠሩ ደግሞ ግድግዳው ላይ ነደፉ። ደወሉ ጮኾ አያውቅም፤ ንድፉ ግን እስከ ዛሬ አለ። «ንድፍ አይዋሽም» ይላሉ። እውነት ነው፤ የዋሸን ደወሉ ነው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ነኝ፤ መስመር የበዛበት ወረቀት ሳይ ዓይኔን አዞራለሁ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የደረጃውን መብራት ሲነድፉ ባትሪ ይዤላቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ማብሪያ ማጥፊያ ናታ! አንዷ ታች፣ አንዷ ላይ።»

«ኤሌክትሪኩስ በየት ዞሮ ይመለሳል?»

ደስ አላቸው። ጠያቂ አግኝተው አያውቁም። መንገዱን በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ፦ በታችኛዋ ገብቶ፣ በላይኛዋ አልፎ፣ ወደ አምፖሉ። ለእኔም ልክ መሰለኝ።

ጭንቀቴ አማቴ ነበሩ። ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸው ደክሟል። በጨለማ ቢወድቁስ? ደግሞ በአንድ መጋረጃ ሰበብ ተኳርፈን ስለከረምን፣ ልደግፍዎ ብላቸው እሺ አይሉኝም።

መብራቱ በራ። ማታውኑ ጉዱ ወጣ፦ ሁለቱም ማብሪያዎች ካልተጫኑ አይበራም። እኔ ታች ካጠፋሁ፣ አማቴ ላይ ቢጫኑ ቢጫኑ ወይ ፍንክች!

ደረጃው አናት ላይ ቆመው ወደ ታች ተጣሩ።

«አንቺ! አለሽ?»

«አለሁ፣ እማማ።»

«የታቹን አብሪልኝ እስቲ። ይሄ ልጅ በንድፉ ሊጨርሰን ነው!»

ከመጋረጃው ጠብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላችን ነበር። አብርቼ ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በ«አብሪልኝ» ጀምረን ሰፈሩን አምተን ነው የምንለያየው።

ዛሬ ጠዋት ክቡር መሐንዲስ ስህተታቸውን ከመጽሐፉ አግኝተው፣ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ሲከንፉ መጡ። ገና የማብሪያውን ክዳን ሳይከፍቱ ከላይ ድምፅ ወረደ።

«ተወው አንተ! ማን ጨለመብኝ አለህ?»

ቅር ብሏቸው ወረቀታቸውን ጠቀለሉ። እንዲህ ሆነው ሲሄዱ ማየት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ደወሉን እንኳ ቢያዩልን» አልኳቸው።

አሁን በራችን ላይ ናቸው፤ እንደ አዲስ እየነደፉ ነው።